4,294,967,297፦ ብቸኛ የሚመስለው ቁጥር

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ አይደለም? እስከ 200 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አካፍዬው ሁልጊዜ ቀሪ ይወጣል። እስከ የት ድረስ ነው የምሞክረው? አቋራጭ የለውም? ፕሮግራም ጽፌ ቁጥሩን ሳስገባለት ደግሞ 1 ብሎ መለሰልኝ። እሱም ግራ አጋብቶኛል።»

ወንድሜ፣ አንተ እያልኩ ልቀጥልና መልሱን ላስቀድም። ብቸኛ አይደለም። በ641 ሲካፈል ምንም አይተርፍም፤ ድርሻው 6,700,417 ነው። ሁለቱም አካፋዮች ራሳቸው ብቸኛ (ብዙዎቻችን ፕራይም የምንላቸው፣ ከ1 እና ከራሳቸው ሌላ አካፋይ የሌላቸው) ስለሆኑ ቁጥሩ ከዚህ በላይ አይበተንም።

ያቆምክበት ቦታ ግን ያሳዝናል። እስከ 200 ድረስ 2ን ጨምሮ 46 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። 641 በተራ 116ኛው ነው። 70 ማካፈል ብቻ ነበር የቀረህ። «ብቻ» ማለቴ በወረቀት ለሚሠራ ሰው ቀልድ እንደሚመስል አውቃለሁ።

እስከ የት ለሚለው፦ እስከ ዳግም ዘሩ ነው፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን እስከሚሰጠው ድረስ። አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ሁለቱም ከዳግም ዘሩ ሊበልጡ አይችሉም። ቢያንስ አንዱ ከዚያ አያልፍም። ያንተን ቁጥር ዳግም ዘር ስታወጣ 65,536 ከምናምን ይመጣል። እስከዚያ ድረስ 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ቁጥሩ እውነት ብቸኛ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም መጨረስ ነበረብህ። አንዷን ማካፈል በደቂቃ ብትጨርስ እንኳ ከ109 ሰዓት በላይ ይፈጃል።

አሁን ግን እዚያች 65,536 ላይ ቆም በል። በራሷ አባዛት። 4,294,967,296 ትሰጥሃለች። ያንተ ቁጥር ከዚህ በ1 ብቻ ይበልጣል። 65,536 ደግሞ 16 ሁለቶች ሲባዙ የሚመጣው ቁጥር ነው። ስለዚህ ቁጥርህ ጭምብሉን ሲያወልቅ 2³² + 1 ነው። አቋራጩ በሙሉ የሚወጣው ከዚህ ነው። በጭፍን ማካፈል ቁጥሩን እንደ ተራ የአሃዝ ሰልፍ ማየት ነው፤ አፈጣጠሩን ስታውቅ ግን የትኛው አካፋይ ሊሆን እንደሚችል አስቀድመህ ታውቃለህ።

የፕሮግራምህም ነገር በዚሁ ይፈታል። አላበደም። ቁጥሩን 32 ቢት ቦታ ላይ፣ ማለትም 32 የ0 እና የ1 አሃዞች ብቻ በሚይዝ ቦታ ላይ ነው ያስቀመጥከው። አሉታዊ ቁጥር በማይይዝ 32 ቢት ቦታ ላይ የሚገባው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ነው። ከዚያ በኋላ እንደ መኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ ዞሮ ዜሮ ላይ ይመለሳል። 4,294,967,296 ሲገባ 0 ይሆናል፣ ያንተው ሲገባ 1። አሉታዊም የሚይዘውን ዓይነት ብትጠቀምም የምታየው ያንኑ 1 ነው። 64 ቢት የሚይዝ ዓይነት ተጠቀም፣ ይስተካከላል። እኔም አንዴ በዚህ ተሸውጄ ሌሊቱን ሙሉ ያልነበረ ስህተት ስፈልግ አድሬያለሁ። የድሮው የኢንተርኔት አድራሻ አሠራር ጠቅላላ የአድራሻ ብዛትም ይኸው 2³² ነው፤ ያንተ ቁጥር ከዚያ በአንድ ይበልጣል።

ቁጥሩ ታሪክ አለው። ፒየር ደ ፌርማ የሚባለው ፈረንሳዊ የሕግ ሰው ሒሳብን ለፍቅሩ ብቻ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1640 በጻፋቸው ደብዳቤዎች አንድ ሰልፍ አነሳ። 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537። አሠራሩ ቀላል ነው። ከአንዱ ላይ 1 ቀንስ፣ የቀረውን በራሱ አባዛ፣ 1 ደምር። ከ17 ላይ 1 ስትቀንስ 16፣ በራሱ ሲባዛ 256፣ 1 ሲደመር 257። አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ፌርማ ሰልፉ እስከ መጨረሻው እንዲሁ ብቸኛ ብቻ እያወጣ ይቀጥላል ብሎ አመነ። ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። ስድስተኛው ተራ ላይ የሚመጣው ያንተ ቁጥር ነው።

ወደ 90 ዓመት ገደማ ማንም አላፈረሰበትም። እ.ኤ.አ. በ1729 መጨረሻ የሒሳብ ሰው የነበረው ክርስቲያን ጎልድባኽ ለወጣቱ የሒሳብ ሊቅ ለሊዮናርድ ኦይለር ደብዳቤ ሲጽፍ ግርጌው ላይ «ይህን የፌርማን ነገር ታውቀዋለህ?» ዓይነት ጥያቄ ጣል አደረገ። ኦይለር መጀመሪያ ብዙም አልሞቀውም። በኋላ ግን ያዘው። እ.ኤ.አ. በ1732፣ በ25 ዓመቱ፣ 641ን አወጣት።

እንዴት አገኛት? እስከ 116ኛው ድረስ እየቆጠረ አልነበረም። ወንፊት ሠራ። ዘዴውን ያብራራው ቆየት ብሎ ነው፤ ነገሩ ግን ይሄ ነው።

2፣ 4፣ 8፣ 16 እያልክ የ2 ርቢዎችን አስከትል። እያንዳንዱን፣ ያንተን ቁጥር ያለ ቀሪ በሚያካፍል አንድ ብቸኛ ቁጥር አካፍልና ቀሪውን ብቻ መዝግብ። ያ አካፋይ 2³² + 1ን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ስለሆነ 2³² ላይ ስትደርስ አካፋዩን ለመሙላት 1 ይጎድልሃል። ቀሪውን «ከዜሮ በታች 1» ብለህ ብታስበው ይቀላል። ከዚያ 2⁶⁴ ላይ ያ «ከዜሮ በታች 1» በራሱ ተባዝቶ 1 ይሆናል። ቀሪዎቹ እንደ ሰዓት ዞረው መነሻቸው ላይ ይመለሳሉ ማለት ነው። ዙሩ ልክ 64 እርምጃ ነው። ከዚያ ያነሰ ሊሆን አይችልም፤ ቢያንስ ኖሮ 32ኛው ላይም 1 ይወጣ ነበር።

ሌላ ሕግ ደግሞ አለ። በማንኛውም ከ2 በላይ በሆነ ብቸኛ ቁጥር ስታካፍል፣ ከራሱ ከቁጥሩ 1 ያነሰ እርምጃ ላይ ቀሪው ሁልጊዜ 1 ነው። በ7 ከሆነ 6ኛው ላይ፣ በ641 ከሆነ 640ኛው ላይ። ዙሩ 64 ከሆነና 1 ያነሰው እርምጃ ላይም 1 ከወጣ፣ ያ «1 ያነሰ» ቁጥር የ64 ብዜት መሆን አለበት። ስለዚህ የቁጥርህ ብቸኛ አካፋይ ሁሉ የ64 ብዜት ሲደመር 1 ነው። ሌላ ምርጫ የለም።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ይህን የ«1 ያነሰ እርምጃ» ሕግ ያገኘው ራሱ ፌርማ ነው። እዚያው 1640 ላይ። መሣሪያው በእጁ ነበር። ደጁ ላይ ያለውን ቁልፍ ሳያነሳ ነው ያለፈው።

ወንፊቱን እንያዘው። 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641። ከነዚህ ብቸኞቹ 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ ናቸው። አምስተኛው ሙከራ ላይ ደረስክ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ኤድዋር ሉካ እ.ኤ.አ. በ1878 ወንፊቱን አጠበበው። በ64 ፈንታ በ128 ይሠራል አለ። አሁን እስከ 641 ድረስ 257 እና 641 ብቻ ቀሩ።

257ም ይወጣል። ምክንያቱን በእጅህ ልታየው ትችላለህ። አምስቱን የፌርማ ቁጥሮች አባዛቸው። 3 በ5 ሲባዛ 15፣ በ17 ሲባዛ 255፣ በ257 ሲባዛ 65,535፣ በ65,537 ሲባዛ 4,294,967,295። ከቁጥርህ 2 ብቻ የሚያንስ ነው! 257 ይህን ብዜት ያለ ቀሪ ያካፍላል። ቁጥርህንም ቢያካፍል ልዩነታቸውን 2ንም ማካፈል ነበረበት። አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው እውነተኛ እጩ ራሱ 641 ነው። አንተ 46 ጊዜ ያካፈልከውን ነገር ይህን ወንፊት የያዘ ሰው በአንድ ማካፈል ይጨርሰዋል። በነገራችን ላይ ዜራ ኮልበርን የሚባል አሜሪካዊ ታዳጊ በ8 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ይህንኑ ቁጥር ሲጠይቁት ያለ ወረቀት 641 ብሎ እንደመለሰ ይነገራል። እሱ እንዴት እንዳደረገው አትጠይቀኝ።

641 ለምን እንደሚያካፍል ረጅም ማካፈል ሳትሠራ ማየት ከፈለግህ ደግሞ ይሄውልህ። እኔ በጣም የምወደው ክፍል ነው። 641 ሁለት መልክ አላት። አንዱ 640 + 1 ነው፣ 640 ደግሞ 5 × 2⁷ ነው። ሌላው 625 + 16 ነው፣ ማለትም 5⁴ + 2⁴። አሁን ሁለተኛውን መልክ በ2²⁸ አባዛ፦

641 × 2²⁸ = 5⁴ × 2²⁸ + 2³²

ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ ያለውን የመጀመሪያ ቁራጭ ተመልከት። 5⁴ × 2²⁸ ማለት 5 × 2⁷ በራሱ አራት ጊዜ ተደርድሮ ሲባዛ ነው፣ 640⁴ ማለት ነው። ስለዚህ 2³² ከ641 × 2²⁸ ላይ 640⁴ ሲቀነስ የሚቀረው ነው። 1 ደምርበት፦

2³² + 1 = 641 × 2²⁸ − (640⁴ − 1)

የመጀመሪያው ክፍል በ641 እንደሚካፈል ግልጽ ነው። ሁለተኛው 640⁴ − 1 ሲዘረዘር 639 × 641 × 409,601 ነው። እሱም 641ን በሆዱ ይዟል። አለቀ። እንዲያውም ድርሻውን በነጻ ታገኛለህ። 2²⁸ ማለት 268,435,456 ነው። 639 × 409,601 ደግሞ 261,735,039። ቀንስ፤ 6,700,417።

ካነሳነው አይቀር ይህ ቁጥር የሚያስገርም ሌላ ባህርይ አለው። የሁለት ካሬዎች ድምር ነው፣ ያውም በሁለት መንገድ። አንደኛው ግልጽ ነው፤ 65,536² + 1²። ሁለተኛው ግን ተደብቋል፦ 62,264² + 20,449²። ካላመንክ አስላው። 3,876,805,696 እና 418,161,601 ይመጡልሃል፤ ድምራቸው ያንተው ቁጥር ነው። አንድ ብቸኛ ቁጥር የሁለት ካሬዎች ድምር መሆን የሚችለው ቢበዛ በአንድ መንገድ ነው። ሁለት መንገድ ካገኘህ ብቸኛ እንዳልሆነ እዚያው ተጋለጠ። ይህንንም ያሳየው ኦይለር ነው።

ከዚህም አካፋዩን መምዘዝ ይቻላል። ከሁለቱ መንገዶች ትልልቆቹን ቀንስ፦ 65,536 − 62,264 = 3,272። ትንንሾቹንም ቀንስ፦ 20,449 − 1 = 20,448። የሁለቱ ልዩነቶች ትልቁ የጋራ አካፋይ 8 ነው። አሁን መደመር። 65,536 + 62,264 = 127,800፣ 20,449 + 1 = 20,450። ትልቁ የጋራ አካፋያቸው 50። የ8 ግማሽ 4፣ የ50 ግማሽ 25። 4² + 25² ስንት ነው? 16 + 625። 641! ሌላኛውም እንዲሁ ይወጣል። 3,272ን ለ8 ስታካፍል 409፣ 20,448ን ለ8 ስታካፍል 2,556። 409² + 2,556² ልክ 6,700,417 ነው። ይህን መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ሦስት ጊዜ ነው ደግሜ ያሰላሁት፤ እንዲህ ጥርት ብሎ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም።

6,700,417 ብቸኛ ለመሆኑ ማስረጃ ትፈልጋለህ መቼስ። ዳግም ዘሩ 2,588 አካባቢ ነው። እዚህም የሉካ ወንፊት ይሠራል፣ ምክንያቱም የእሱ አካፋይ የትልቁም አካፋይ ነው። እስከ 2,588 ድረስ የ128 ብዜት ሲደመር 1 የሆኑ ብቸኛ ቁጥሮች 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው። 257ን ቀድመን አስወጥተናል። በ641 ሲካፈል 44 ይተርፋል፣ በ769 ሲካፈል 120፣ በ1,153 ሲካፈል 334፣ በ1,409 ሲካፈል 622። አራት ማካፈል፣ በቃ። ወንፊቱን ሳይዝ የሚሞክር ሰው እስከ 2,588 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ይለቅማል።

ምናልባት «ካልኩሌተር ላይ ብቸኝነትን የሚፈትሽ ፈጣን ዘዴ አለ፣ እሱን ብጠቀምስ?» ትል ይሆናል። አለ፣ ግን ተጠንቀቅ። የተለመደው ዘዴ ያንኑ የፌርማን ሕግ ወደ ኋላ ያዞረዋል። 2ን ከቁጥሩ 1 ባነሰ ርቢ አንስቶ ቀሪው 1 ከሆነ «ብቸኛ ሳይሆን አይቀርም» ይላል። ያንተ ቁጥር ይህን ፈተና ዓይኑን ሳያሽ ያልፋል! ዙሩ 64 ነው ብለናል፤ 2³² ደግሞ የ64 ብዜት ነው። ስለዚህ ቀሪው የግድ 1 ነው። የፌርማ ቁጥሮች በሙሉ፣ ብቸኛም ይሁኑ አይሁኑ፣ በ2 ሲፈተኑ ብቸኛ መስለው ነው የሚታዩት።

በ3 ስትፈትነው ግን ይያዛል። 3ን በራሱ አባዛ፣ ውጤቱን በቁጥርህ አካፍለህ ቀሪውን ያዝ፣ ቀሪውን በራሱ አባዛ፣ እንዲህ 31 ጊዜ። ቁጥሩ ብቸኛ ቢሆን ኖሮ መጨረሻ ላይ ከቁጥሩ 1 ያነሰው፣ 4,294,967,296 ይወጣ ነበር። የሚወጣው ግን 10,324,303 ነው። አንዴ ደግመህ ብታባዛው 3,029,026,160። ተጋለጠ። ይህን ፈተና ለፌርማ ቁጥሮች ያዘጋጀው ፔፓን የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1877። ፈተናው አካፋዩን አይነግርህም፤ ብቸኛ አለመሆኑን ብቻ ነው የሚነግርህ። ከዚህ የተነሳ ዛሬም ድረስ ብቸኛ አለመሆናቸው የተረጋገጠ፣ አንድም አካፋያቸው ግን ያልታወቀ የፌርማ ቁጥሮች አሉ። 2 ወደ 2²⁰ ከፍ ብሎ 1 ሲደመርበት የሚመጣው ከእነሱ አንዱ ነው።

ፌርማ ተሳሳተ ብለን የምንስቅበት ነገር ግን አይደለም። አምስቱ ብቸኞች ትልቅ ሥራ አላቸው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1796፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ 17 እኩል ጎን ያለው ቅርጽ በኮምፓስና ባልተለካ ማስመሪያ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አሳየ። የሚቻለው 17 የፌርማ ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ነው። ከዚህ ተነስተህ ያንተን ቁጥር ጎረቤቶች እይ። 4,294,967,296 ጎን ያለው ቅርጽ በኮምፓስ ይሠራል፣ የ2 ርቢ ስለሆነ። 4,294,967,295 ጎን ያለውም ይሠራል፣ የአምስቱ ብዜት ስለሆነ። ያንተው፣ 4,294,967,297 ጎን ያለው፣ አይሠራም። ሊሠራ የሚችለው 641 እና 6,700,417 ሁለቱም የፌርማ ቁጥሮች ቢሆኑ ነበር። ለመሥራት የሚሞክር ሰው ካለ እድሜ ይስጠው እንጂ፣ በዓይን ስታያቸው ሦስቱም ክብ ናቸው።

ከአምስቱ በኋላ ስድስተኛ ብቸኛ እስካሁን አልተገኘም። እንደሌለም የሚያረጋግጥ የለም። ያንተን ተከትሎ የሚመጣው 18,446,744,073,709,551,617 ነው፣ 2⁶⁴ + 1። እሱም ይበተናል፤ 274,177 × 67,280,421,310,721። ፎርቱኔ ላንድሪ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1880 አውጥቶታል፣ ያኔ 80 ዓመት አልፎት ነበር። አሁን ዘዴውን ስለያዝክ በ64 ቢት ፕሮግራምህ ራስህ ሞክረው። ወንፊቱ እዚህ የ256 ብዜት ሲደመር 1 ነው። አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ፦ ይሄኛው ቁጥር 64 ቢት ላይም ዞሮ 1 ይሆንብሃል። ስለዚህ ቁጥሩን ሳታስቀምጥ 2ን 64 ጊዜ እያባዛህ በየእርምጃው ቀሪውን ብቻ ያዝ፤ መጨረሻ ላይ ቀሪው ከአካፋዩ 1 ካነሰ አገኘኸው ማለት ነው። 1,071ኛው እጩ ላይ ይቆማል።